ጉዳዩ፦ ወደ ማርጌት ስለተደረገው የጥር ጉዞ ቅሬታ ስለማቅረብ

ይድረስ ለጉዞ አዘጋጁ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት
ለንደን

ጤና ይስጥልኝ። ከስቶክዌል የተነሳውን የእናቶች ቡድን ገንዘብ ሰብስቤ የላክሁላችሁ እኔ ነኝ። ስደውል "እንመለስበታለን" ተብዬ ነበር። ስላልተመለሳችሁበት ይኸው በጽሑፍ አደረግሁት።

ስለ ብርዱ ምንም ቅሬታ እንደሌለኝ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። የእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ በጥር እንደሚበርድ እናቶቻችንም ያውቃሉ። ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበው ነው የመጡት። እንዲያውም ንፋሱ ፊት ቢልጥም ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ስለዚህ "አየሩን እኛ አላዘዝነውም" የሚል መልስ እንዳትልኩልኝ አደራ።

ችግሩ በጥር የሸጣችሁልን የሰመርን ጉዞ መሆኑ ነው። በዋትሳፕ የበተናችሁት ማስታወቂያ ላይ የተርነር ኮንቴምፖራሪ የሥዕል ማዕከል አለ፣ ድሪምላንድ የሚባለው የመዝናኛ ፓርክ አለ፣ ምሳ አለ፣ ባሕር ውስጥ የምትጠልቅ ቀይ ጀምበርም አለች። ከእነዚህ ውስጥ እጃችን የገባው ምሳው ብቻ ነው። እሱም ባይመጣ ይሻል ነበር። እመለስበታለሁ።

ጉዞው መጀመሪያ የተቀጠረው ከገና በኋላ ላለው ቅዳሜ ነበር። ቀኑ ሲቃረብ "አውቶቡስ ስላልተገኘ ወደ ሰኞ ተዛውሯል" አላችሁ። ሰው ከሥራ ፈቃድ ጠየቀ፣ ሺፍት የተቀያየረም አለ። ይሁን ብለን ተቀበልን። ግን ቀኑን ስትቀይሩ የምትወስዱን ቦታ ሰኞ ይከፈት እንደሆነ ማየት ይህን ያህል ይከብድ ነበር? ተርነር ኮንቴምፖራሪ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። የተደበቀ ምስጢር አይደለም፤ ድረ ገጹን የከፈተ ሁሉ ያየዋል። ሠዓሊው ተርነር ልጅ ሆኖ ማርጌት ተምሯል፣ ካደገ በኋላም እየተመላለሰ ያርፍ የነበረው ማዕከሉ አሁን በተሠራበት ቦታ ላይ ነበር። ይህን ለእናቶቹ አንብቤ ነግሬያቸው ስለነበር በጉጉት ነው የመጡት። ደርሰን ያየነው የተዘጋ የመስታወት በር ነው። አንድ ጥያቄም አለኝ። ማስታወቂያችሁ "ዋጋው የመግቢያ ክፍያን ይጨምራል" ይላል። የማዕከሉ መግቢያ ነፃ ነው። የቱን መግቢያ ነው የከፈላችሁልን?

እዚያው ቆመን ምን እናድርግ ስንባባል አንዲት እናት "ኧረ ሰው! ባሕሩ ውስጥ ሰው ቆሟል!" ብለው ጮኹ። ዞር ስንል እውነትም አንድ ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ንቅንቅ አይልም። ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ "አውጡት!" አለ። አስጎብኚያችሁ ደንግጦ 999 ሊደውል ስልኩን አወጣ። ውሻ ይዛ የምታልፍ ሴትዮ ናት ያስቆመችው። የብረት ሐውልት ነው ለካ፤ የቀራፂው የአንቶኒ ጎርምሌይ ሥራ። ባሕሩ ሲሞላ ይሰወራል፣ ሲሸሽ ብቅ ይላል። በኋላ ሁላችንም ስቀናል፣ የዕለቱ ምርጥ ነገርም እሱ ነበር። ግን ማርጌትን ሊያስጎበኘን የመጣው ልጅ ከተማዋን አይቷት አያውቅም። ልጁን አልወቅሰውም፤ ጨዋ ነው፣ እናቶችን እየደገፈ ሲያወርድና ሲያወጣ ነው የዋለው። ሳታዘጋጁት የላካችሁት እናንተ ናችሁ።

ድሪምላንድን በአጥሩ በኩል አየነው። ማስታወቂያችሁ ላይ ልጆች እጃቸውን ሰቅለው የሚጮሁበት ከ1920 ጀምሮ ያለው የእንጨት ሮለር ኮስተር ጸጥ ብሎ ቆሟል። የመዝናኛ ፓርኩ ጨዋታዎች በጥር አይሠሩም። ይህንንም አንድ ስልክ ይነግራችሁ ነበር።

ወደ ምሳው ልምጣ። በፌስታል የታደለውን ሳንድዊች ስንከፍተው ሃም ነው። የአሳማ ሥጋ! ፈረንጅ ድርጅት ቢሆን ሳያውቅ ነው እንል ነበር። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም እንደማይበላው ለሐበሻ ድርጅት ይነገራል እንዴ? ሁሉም በየኪሱ ዓሣና ድንች ጥብስ ገዝቶ በላ። ያውም ግማሹ ሳይጨርስ "ተነሱ" ተባለ።

ለምን መሰላችሁ? ማስታወቂያው "መመለሻ 10 ሰዓት" ይላል። ጀምበር ስትጠልቅ እናያለን ከተባለ፣ መቼም ማታ በፈረንጆቹ 10 ሰዓት ለንደን እንገባለን ማለት ነው ብለን ነበር። አስጎብኚው ግን በእኛ አቆጣጠር ነው አለ። በፈረንጆቹ ከሰዓት በኋላ በ4፡00 ለንደን ለመግባት ከማርጌት በ2፡00 መውጣት አለብን ማለት ነው። አውቶቡሱ ጠዋት አርፍዶ ስለመጣ ደግሞ እዚያ የደረስነው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነበር። በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው ከ4፡00 ጥቂት አለፍ ሲል ነው። ጀምበሯን ያየናት ኦልድ ኬንት ሮድ ላይ፣ ትራፊክ መሀል፣ ከአንድ የጎማ ቤት ጀርባ ስትገባ ነው።

ብንቆይም ፎቶአችሁን አናገኘውም ነበር። የማርጌት ዳርቻ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ፀሐይ ባሕሩ ውስጥ የምትገባው በሰመር፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትጠልቅ ነው። በጥር ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለምትወርድ የምትጠልቀው በከተማው ሕንፃዎች በኩል ነው።

የጠየቃችሁት በሰው 45 ፓውንድ ነው፤ ሁሉም ከፍሏል። በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ እንደሚለው ነጋዴ ስለ አገልግሎቱ የጻፈውን ደንበኛው አምኖ ከገዛ፣ ያ ቃል የውሉ አካል ይሆናል። አገልግሎቱ እንደተባለው ካልሆነ ዋጋ የማስቀነስ መብት አለን። አውቶቡሱ ወስዶ መልሶናልና ሙሉውን አልጠይቅም። የእያንዳንዱ ተጓዥ ግማሽ ክፍያ በ14 ቀን ውስጥ ገንዘቡ በተላከበት ሒሳብ ይመለስልን። ካልሆነ በአነስተኛ ክስ ወደ ካውንቲ ፍርድ ቤት እንሄዳለን፤ ማስታወቂያውም መልእክቶቻችሁም በእጃችን አሉ። ስለ አሳማ ሥጋው ደግሞ እናቶቹን በስልክ ይቅርታ ብትጠይቁ ደስ ይለኛል። እሱ በገንዘብ አይተመንም።

ለየካቲት ያዘጋጃችሁት የብራይተን ጉዞ ማስታወቂያ ትናንት ደርሶኛል። እሱም ላይ የቮልክስን ባቡር አየሁት፤ ከ1883 ጀምሮ በባሕሩ ዳር የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ባቡር። እሱም በብርዱ ወራት አይሠራም። ገንዘብ መሰብሰብ ሳትጀምሩ ፎቶውን አንሱት።

ከሰላምታ ጋር
የቡድኑ ተወካይ