የሙዚቃ ክበብ፦ ከዲትሮይት የተነሳው ምት

ዘንድሮ የክበባችን አብዛኛው ጊዜ ያለፈው በቴክኖ፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ ማሽኖች በሚሠራ የዳንስ ሙዚቃ ነው። ነገሩ የተጀመረው በጥያቄ ነበር። ጥቅምት ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ "ቲቸር፣ ቴክኖ የጀርመኖች ነው አይደል?" አለችኝ። ሌሎቹም "አዎ" አሉ። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ቴክኖን የፈጠሩት የአሜሪካዋ ዲትሮይት ጥቁር ወጣቶች ናቸው።

በቀጣዩ ሐሙስ የሦስት ጓደኛሞችን ታሪክ ይዤ መጣሁ። ጁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ እና ኬቪን ሳውንደርሰን ይባላሉ። ከዲትሮይት ወጣ ብላ በምትገኘው ቤልቪል አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። ሬዲዮ ላይ ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ የሚባል ዲጄ ነበራቸው። ሰውየው የጆርጅ ክሊንተንን የፈንክ ባንድ ፓርላመንትን ያጫውታል፣ ፕሪንስን ያስከትላል፣ ከዚያ ደግሞ ክራፍትወርክ የተባሉትን፣ በኤሌክትሮኒክ ማሽን የሚጫወቱ የዱሰልዶርፍ ጀርመኖች ይለቃል። ልጆቹ ፈንኩንም ማሽኑንም ከአንድ ሬዲዮ ጠጡ። ስለዚህ የተማሪዬ ጥያቄም እንዲሁ ከሜዳ የመጣ አልነበረም።

ኅዳርና ታኅሣሥን በማዳመጥ ጨረስን። እ.ኤ.አ. በ1977 ክራፍትወርክ ያወጡትን "ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ" ሰማን። በዚያው ዓመት የወጣውን፣ ጆርጆ ሞሮደር ለዘፋኟ ዶና ሰመር የሠራውን "አይ ፊል ላቭ"ም ሰማን። ልጆቹን ከወንበር ያስነሳቸው ግን የፓርላመንት "ፍላሽ ላይት" ነው። ያ የሚያጉረመርም ወፍራም የቤዝ ድምፅ ከጊታር የወጣ አይደለም፣ በርኒ ዎረል በሲንተሳይዘር፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር ኪቦርድ፣ የተጫወተው ነው። ስነግራቸው አላመኑም። ሦስቴ መልሰን ሰማነው።

ጥር ላይ ስፒከሩን አዘጋጅተን መብራት ጠፋ። እኔ ግን ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ያንን ቀን ነው። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ 16 ሳጥን በአንድ መስመር ሣልኩ። ሮላንድ 808 የሚባለው የከበሮ ማሽን 16 ቁልፎች አሉት፣ እያንዳንዱ አንድ እርምጃ ነው። 1፣ 5፣ 9 እና 13 ላይ እግር መሬት ይመታል። 5 እና 13 ላይ ጭብጨባ ይጨመራል። 3፣ 7፣ 11 እና 15 ላይ የኋላ ረድፍ "ጽ" ይላል። መጀመሪያ ተተራመስን። አራተኛው ዙር ላይ ገጠመ፤ ከጎን ያለው ክፍል በር ከፍቶ አየን።

አትኪንስ ከሪክ ዴቪስ ጋር "ሳይቦትሮን" በሚል ስም የመጀመሪያውን ሸክላ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በ1985 ሜትሮፕሌክስ የተባለ የራሱን ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት) አቋቋመ። ዲትሮይትን ያኮራው የሙዚቃ ኩባንያ ሞታውን ወደ ሎስ አንጀለስ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፣ የመኪና ፋብሪካዎቹም እየተዘጉ ነበር። ትልልቆቹ ጥለዋት በሄዱ ከተማ ልጆቹ ቤታቸው ቁጭ ብለው አዲስ ሙዚቃ ሠሩ። ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ አለ። "ቴክኖ" የሚለው ስም በሰፊው የተሰማው በ1988 እንግሊዝ ውስጥ በወጣ የዲትሮይት ሙዚቃ ስብስብ ነው። ብዙ ሰው የአውሮፓ የሚመስለውም ከዚያ በኋላ እዚያ ስለገነነ ነው።

የዴሪክ ሜይን "ስትሪንግስ ኦቭ ላይፍ" የሰማነው ግንቦት ላይ፣ በመጨረሻው ስብሰባችን ነው። ጥቅምት ላይ የጠየቀችኝ ልጅ ሰሌዳው ጋ ሄዳ 16 ሳጥን ሣለችና የምትሰማውን ምት እየተከተለች ምልክት ማድረግ ጀመረች። ሐውስ የሚባለውን የቺካጎ የዳንስ ሙዚቃና ዲጄ ፍራንኪ ናክልስን ለመስከረም አቆይተናል። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ነን፣ መሣሪያ መቻል ግዴታ አይደለም።