ቅኔ ይዘረፋል እንጂ አይሰረቅም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

በስልክ የሚነገረውን ለምን ይጽፋል ትይ ይሆናል። በስልክ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ ደግሞ የማትሰሚኝ እየመሰለኝ እጮሃለሁ። ያለፈው እሑድ ያልሽው ነገር ግን ከጆሮዬ አልወጣም። አለቃሽ «የደንበኞችን ሰልፍ የሚያሳጥር አዲስ ሐሳብ አምጡ» ሲሉ ሁሉም ተናገረ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ወጣሽ። ከዚያ «አባባ፣ እኔ እኮ ፈጠራ የሚባል ነገር አልተሰጠኝም» አልሽኝ። እናትሽ ስልኩን ስለነጠቀችኝ ሳልመልስልሽ ቀረሁ።

የቆሎ ተማሪ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። ግን ስለ ደበሎውና እንጀራ ስንለምን ስላባረሩን ውሾች እንጂ ስለ ትምህርቱ ብዙም አላጫወትኩሽ። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ብቻውን ነው የሚውለው። አንዱ ዛፍ ሥር፣ አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ቋጥኝ ተደግፎ ይቀመጣል። ይህ ቆጠራ ይባላል። ሲመሽ የቆጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፣ እሳቸውም ሰምተው ያርማሉ። ጀማሪ የሚነሳው ከጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት ብቻ ናት። ሁለት ቤት ምን ታደርጋለች ብለሽ እንዳትንቂያት፣ እኔን ስንት ቀን አስለቅሳኛለች።

ሥራው እንዲህ ነው። ፊት ለፊትሽ ያለውን ነገር ታያለሽ። በሬ ይሁን፣ ጭስ ይሁን፣ እህል የምትፈጭ ሴት ትሁን። መጀመሪያ በሬው በሬ ብቻ ነው። ሰዓት ያልፋል፣ አሁንም በሬ ነው። ይሰለችሻል፣ ይርብሻል፣ ጉንዳን ትቆጥሪያለሽ። በኋላ፣ ስትሰለቺ ስትሰለቺ፣ ቀንበሩ ሌላ ነገር ይሆናል። ሰም ነበር፣ ከሥሩ ወርቅ ብቅ ይላል። ያ እስኪሆን መቀመጥ ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም። ስጦታ የለም አልልም። ፀሐይ ሳትሞቅ የሚጨርስ ልጅ ነበረ፣ አሁንም ሳስታውሰው እቀናለሁ። የቀረነው ግን በመቀመጫችን ነው ቅኔ ያገኘነው።

አንድ የጾም ቀን ሐሳብ ደረቀብኝ። ከሌላ ደብር የመጣ ጓደኛዬ ያጫወተኝን ጉባኤ ቃና የራሴ አስመስዬ ተናገርኩ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ዝም አሉ። ቆይተው «አንተ ልጅ፣ ቅኔ ይዘረፋል እንጂ አይሰረቅም» አሉኝ። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

በማግስቱ የራሴን ይዤ ቀረብኩ። ሰዋስዉ የተበላሸ፣ ቤቱ የሚንገዳገድ ነበር። የኔታ ግን ፊታቸው በራ። «ይህ ሌባ ዛሬ ተማረ» አሉ። ትምህርት ገባው ማለታቸው ነው ወይስ ምሕረት አገኘ? ሁለቱንም በአንድ ቃል ብለውኝ ሄዱ። ይኸው ስሸመግልም አልረሳሁት።

ፈጠራ ከዚህ የራቀ ነገር አይመስለኝም። አዲስ ዕቃ ከሰማይ አይወርድም። ያለውን ሁለተኛ ጊዜ ማየት ነው። ባለፈው ጥቅምት አዲስ አበባ ስመጣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወስደሽኝ ነበር። አንቺ ጫጫታው ራስሽን አዞረሽ፣ እኔ ከዚያ መውጣት አቃተኝ። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፦ ምን አለሽ? በርሜሉ ተሰንጥቆ፣ በመዶሻ ተዘርግቶ ምድጃ ይሆናል። ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። ያለቀ ጎማ በቢላ ተቀዶ በረባሶ ይሆናል። በረባሶን እኔም ተጫምቼዋለሁ፣ እግሬን እየላጠኝ። የድሃ ጫማ ነው ብዬ ሳወልቀው ደስ አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም። ቤተልሔም ጥላሁን ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 እዚያው አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ ያንኑ የጎማ ሶል ይዛ ሶልሬብልስ የሚባል የጫማ ድርጅት አቋቁማ ጫማውን ለውጭ አገር ገበያ ሸጠች። ሁላችንም ያየነው ጎማ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። የምጽፈው ለመምከር ብቻ አይደለም፣ የማስተካክለው በደል አለብኝ።

ስድስት ዓመትሽ ነበር። መብራት ጠፍቶ እንቆቅልሽ እንጫወት ነበር። ያን ቀን እናትሽ እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ቆመሽ ነው የዋልሽው። ሊጡ ላይ ዓይኑ አንድ በአንድ ሲወጣ እያየሽ፣ አክንባሎውን ልትከድን ስትል «ቆይ እማዬ፣ ቆይ» እያልሽ አስቸገርሻት። ማታ ተራሽ ሲደርስ «እንቆቅልሽ!» አልሽ። «ምን አውቅልሽ!» አልኩ። «ዓይኗ ሺ፣ አንዱም አያይ» አልሽ። አላወቅኩትም። «እንጀራ!» ብለሽ በሳቅ ተንከባለልሽ።

እኔ ምን አልኩ? «እንዲህ የሚባል እንቆቅልሽ የለም፣ ትክክለኛውን ጠይቂ።» አስተማሪ ነበርኩና ትክክለኛ ነገር እወድ ነበር። አንቺም ትንሽ ዝም ብለሽ «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው» አልሽ። «ወንዝ! ጎበዝ!» ብዬ አጨበጨብኩልሽ። የራስሽን ጥዬ የሰውን አጨበጨብኩ። የኔታ ቢሰሙ ምን ይሉኝ ነበር? ከዚያ በኋላ ከራስሽ ያወጣሽውን እንቆቅልሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። እሑድ ዕለት «አልተሰጠኝም» ስትይ ነው ትዝ ያለኝ።

ስለ ሰልፉ ጉዳይ። እኔ የቢሮ ሥራ አላውቅም፣ ስለዚህ ሐሳብ አልሰጥሽም። ግን ከመስኮቱ ጀርባ ሆነሽ ስንት ዓመት አየሽው? አንድ ቀን የምሳ ሰዓትሽን ውሰጂና ደንበኞቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጪ። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፣ ይህን በጣም አደራ እላለሁ። ታክሲ ስትጠብቂም፣ ቡና እስኪፈላም እሷን ነው የምታዪው፣ ታዲያ ቀንበሩ መቼ ሌላ ነገር ይሁን? ሰዎቹ ጥበቃውን ምን ብለው እንደሚጠይቁት ስሚ፣ ስንቴ እንደሚጠይቁትም ቁጠሪ። የትኛውን ወረቀት ረስተው ነው ከመስኮቱ የሚመለሱት? በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይታይሽ ይችላል። እኔም ጉንዳን ስቆጥር ነው የዋልኩት። በሦስተኛው ቀንም ካልታየሽ እናትሽን ጠይቂያት። ዕድር ላይ የሰልፍ ነገር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። (ይህን እንዳልኩ አትንገሪያት፣ ሹመት ይመስላታል።)

የላክሽው የሻይ ፔርሙዝ ደርሷል። የድሮውን እናትሽ አልጥልም ብላ ሽሮ አስቀምጣበታለች።

በሚቀጥለው እሑድ ስትደውዪ ሰላምታውን ተዪውና መጀመሪያ «እንቆቅልሽ» በይኝ። ከራስሽ የወጣ ይሁን፣ ከቢሮሽም ከሰፈርሽም ከፈለግሽው አምጪው። ካላወቅኩት ሀገር እሰጥሻለሁ። ደብረ ማርቆስን ግን አልሰጥም፣ ሌላ ምረጪ።

አባትሽ