ስልክህን ያላነሳሁበት ምክንያት

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? ስትደውል ስምህን አየው ነበር። ያቺ ከአንተ የተበደርኳት 40 ሺህ ብር አንገቴን አስደፍታኝ ነው ያላነሳሁት። ሰሞኑን ስታርትአፕ ልትከፍት ነው ሲሉኝ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ ሲባል፣ ማረፊያ ቤቴ ውስጥ ሁለት ፈረንጆች ነበሩ። በሳምንቱ ሄዱ። ስድስቱም ክፍል ባዶ። እኔ “ከፋሲካ በኋላ ይከፈታል” እላለሁ፤ ፋሲካ ሲያልፍ “ከክረምት በኋላ”። ምግብ የምትሠራልን እትየ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ታጥባለች። ደመወዝ የለም ብዬ መናገር አቃተኝ። በሦስተኛው ወር ራሷ “እንካ ልጄ፣ ቁልፍህን” ብላኝ ሄደች። እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

ሥራ ፈትቼ ጃንተከል ዋርካ ስር ተቀምጬ ስለ ኤርቢኤንቢ ያነበብኩት ያኔ ነው። የሰዎችን ቤትና ክፍል በኢንተርኔት ለእንግዳ የሚያከራይ የአሜሪካ ድርጅት ነው። እንደኛው አልጋ አከራዮች በላቸው፤ ሲጀምሩ ሳሎን ላይ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ነበር ያከራዩት። ኮሮና ሲመጣ በስምንት ሳምንት 80 በመቶ ገበያቸው ሄደ። 2 ቢሊዮን ዶላር ተበደሩ፤ ወለዱም ቀላል አልነበረም። ሚያዝያ 27 ላይ ኃላፊው ብራያን ቼስኪ ለሠራተኞቹ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከ7,500 ሰው 1,900ው ይሰናበታል አለ። አሜሪካ ላሉት ቢያንስ የ14 ሳምንት ደመወዝ፣ የአንድ ዓመት የጤና መድን። ላፕቶፓችሁንም ውሰዱት አላቸው፣ ሥራ ስትፈልጉ ያስፈልጋችኋል ብሎ። እኔን የነካኝ ይሄ ላፕቶፑ ነው። እኔ ለእትየ አንድ ቃል እንኳ አልሰጠኋትም።

ከዚያ ገበያቸውን ቀየሩ። በአውሮፕላን መሄድ ያልቻለው ሰው በመኪና የሚደርስበትን ቤት ፈለገ፤ ከቤት የሚሠራውም ለወር መከራየት ጀመረ። እነሱም ወደዚያው ዞሩ። ታኅሣሥ 1 ቀን 2013 አክሲዮን ገበያ ገቡ፤ በዚያው ቀን ዋጋቸው ከ100 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። እርግጥ 2 ቢሊዮን የሚያበድር ያለው ሰው ሲያሰናብትም አንጀቱን አይበላውም። እኔ ያለኸኝ አንተ ብቻ ነበርክ።

እነ ዙምማ፣ በኢንተርኔት በቪዲዮ የሚያሰባስቡት፣ ሌላ ናቸው፣ ዝናቡ በደጃቸው ዘነበ። በቀን 10 ሚሊዮን የነበረው የስብሰባ ተሳታፊ በአራት ወር 300 ሚሊዮን ገባ። ከዕድል ብዙ አትማርም። አንድ ነገር ግን ወደድኩላቸው፤ ሰው ሲጎርፍ የበራቸው መቀርቀሪያ መላላቱ ታየ፣ ለ90 ቀን አዲስ ነገር መጨመር አቁመው ደኅንነቱን ሲጠግኑ ከረሙ። አንተ ችኩል ስለሆንክ ነው ይህን የምነግርህ፣ አትቀየመኝ።

እኔም ዘግይቼ ነቃሁ። አራቱን ክፍል ለዩኒቨርሲቲ መምህራን በወር አከራይቻለሁ። ፈረንጅ ሲመጣ የቀሩትን ሁለቱን ክፍል እሰጠዋለሁ። ከዚህ ወር ጀምሮ በቴሌብር 2 ሺህ 2 ሺህ እልክልሃለሁ፤ ሳቅብኝ ከፈለግህ። እትየ ጋም ሄጄ ነበር። ቡና አፈላችልኝ እንጂ እመለሳለሁ አላለችም።

ደውልልኝ። ማታ ኔትዎርክ ያስቸግራል፣ ጠዋት ይሻላል።

ወንድምህ፣
ከጎንደር