ቆጣሪ አንባቢዎቹ፦ የውሃ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ቆጣሪ ማንበብ ምን ክበብ ይሆናል?» ያሉ ባልደረቦች በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ያኔ መልስ አልሰጠሁም፤ የክበቡ ተማሪዎች በሥራቸው ያሳዩ ብዬ ነው። አሁን ዓመቱ ስላለቀ ያዩትንና የሠሩትን ልጻፍ።

ስብሰባውን በአጭሩ ልለፈው። ተመራጮች ተመርጠዋል፣ ዕቅድ ወጥቷል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ በሰልፍ ሰዓትም መልእክቶች ቀርበዋል።

ዋናው ሥራችን እያንዳንዱ አባል የቤቱን የውሃ ቆጣሪ እንዲያነብ ማስለመድ ነበር። ብዙ ሰው ቆጣሪውን የሚያስታውሰው ሂሳብ ሲመጣበት ብቻ ነው፤ ውሃ ሲባክን ቀድሞ የሚያውቀው ግን ቆጣሪው ነው። በተለመዱት ቆጣሪዎች ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብን (አንዱ 1,000 ሊትር ነው)፣ ቀዮቹ ሊትሮችን ይነግራሉ። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ኮከብ የምትመስል ትንሽ መሽከርከሪያ አለች፤ ውሃው በቀጭኑ ሲያልፍ እንኳ ትዞራለች። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ኮከቧ ከዞረች ውሃው በሆነ በኩል እየሄደ ነው። ኮከብ የሌለው ቆጣሪ ከሆነ ማታ ሊተኙ ሲሉ ቁጥሩን መጻፍ፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ደግሞ ማየት ነው። ታንከር ያለው ቤት ግን አስቀድሞ የታንከሩን መግቢያ ይዝጋ፤ ታንከሩ ሲሞላም ቆጣሪው ይቆጥራልና።

ከጉብኝቶቻችን ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ቤት የሄድንበት ነው። ሂሳባቸው ለወራት እየጨመረ መጥቶ «ቆጣሪው ነው የሚዋሸው» ብለው አምርረው ነበር። ልጆቹ ተከፋፍለው ማድ ቤቱን፣ መታጠቢያውን፣ የግቢውን ቧንቧ ዘጉ። በክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ቆጣሪው ጉድጓድ አፍ ላይ በደረቷ ተኝታ መስታወቱን በእጅጌዋ ጠረገችና «ትዞራለች» አለች። ወደ ቤቱ የሚያስገባውን ዋና መዝጊያ አስዘጋኋቸው። ኮከቧ ብትቆም ኖሮ ፍሳሹን ቤት ውስጥ እንፈልገው ነበር። «አሁንም ትዞራለች!» ብላ ጮኸች። ስለዚህ ውሃው የሚፈሰው በቆጣሪውና በመዝጊያው መካከል፣ ከመሬት በታች ነው ማለት ነው።

በ20 ደቂቃ ውስጥ 10 ሊትር ቆጠረ። ልጅቷ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ አሰላችው፦ በሰዓት 30፣ በቀን 720 ሊትር፣ በ30 ቀን ከ21 ሜትር ኩብ በላይ። ከዚያ ተነሥታ ልብሷን እንኳ ሳታራግፍ «እማማ፣ ቆጣሪው አልዋሸዎትም፤ ውሃው እዚያ ጋ እየሄደ ነው» ብላ በአጥሩ ጥግ ከሌላው ተለይቶ የለመለመውን ሣር አሳየቻቸው። ቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ ሲቆፍር መገጣጠሚያው ተሰንጥቆ ተገኘ። ጥገናው ሲያልቅ ኮከቧ መቆሟን ለማየት ከልጆቹ ቀድመው ጎንበስ ያሉት እሳቸው ነበሩ። እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ያቺ ልጅ ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ እጇን ታወጣለች።

ሌላው የወደድነው ሥራ የመጸዳጃ ቤት ፍተሻ ነው። ከመቀመጫው በላይ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ቀለም ጠብ ተደርጎ ለግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ሳይለቀቅ ይቆያል። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ከሥር ያለው ጎማ አልከደነም ማለት ነው። ድምፅም ሳያሰማ ሌትና ቀን የሚፈስ ስለሆነ፣ ልጆቹ ቤታቸው ሞክረው ሲመጡ ወላጆቻቸው እንደተገረሙ ነግረውናል።

ያልተሳካልንም አለ። አንዳንድ ቆጣሪዎች አፈር ተደፍቶባቸው፣ የሌሎቹ መስታወት ደብዝዞ ማንበብ አልተቻለም። በጣም ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ ቧንቧም ቆጣሪውን ላያዞረው ስለሚችል ከሥሩ ዕቃ እየደቀንን መለካት ነበረብን። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና ሲደርስ ጉብኝቱ ቀንሷል።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ የራሳችን ግቢ ነው። ዓርብ ማታ ሁሉንም ዘግተን የጻፍነው ቁጥር ሰኞ ጠዋት ጨምሮ እናገኘዋለን። ትምህርት ቤቱ ውሃ እንደሚያፈስ በማስረጃ እናውቃለን፤ የቱ ሕንፃ እንደሆነ ግን መለየት አልቻልንም፤ ግቢው በሙሉ ያለው አንድ ቆጣሪ ነውና፣ የየሕንፃው መዝጊያም ዝጎ አይዞርም። የሰው ቤት ፍሳሽ ያገኙ ልጆች የራሳቸውን ግቢ በመዝጊያ እጦት ትተው መሄዳቸው ተገቢ አይደለም። ለጌጥ የሚወጣ ገንዘብ ካለ ለዚህ አይጠፋም ባይ ነኝ።

የምንጠይቀው በየሕንፃው መግቢያ አንድ አንድ መዝጊያ፣ ለመጸዳጃ ቤቱ ሕንፃ የራሱ ቆጣሪ፣ ለቧንቧዎቹ መለወጫ ጎማና አንድ የቧንቧ መፍቻ ነው። ተማሪዎቹ መዝጊያዎቹ የሚገቡበትን ቦታ በግቢው ካርታ ላይ አመልክተው ለአስተዳደሩና ለወላጆች ኮሚቴ አስገብተዋል። ዕቃውን ማቅረብ ወይም በሙያው ማገዝ የሚፈልግ ወላጅ በክበቡ የስብሰባ ቀን መጥቶ ካርታውን ይመልከትልን፤ ልጆቹ ራሳቸው ያስረዳሉ።