ከአክሱም በኋላ ኢትዮጵያ የት ሄደች? ስለ ሲቪላይዜሽን 7 ላወጣችሁት ጽሁፍ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እዚሁ ጎንደር ተወልጄ ያደኩ አንባቢያችሁ ነኝ። ሲቪላይዜሽን 7 የተባለው የኮምፒዩተር ጌም ከውጪ ስላገኘው ነጥብ ያወጣችሁትን ጽሁፍ ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት፣ ስለ ጌም መጻፋችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም እኛ ጋ ጌም ሲባል ወይ የፕሌይስቴሽን ኳስ ነው ወይ ደሞ ልጅ ከትምህርቱ ሚዘናጋበት ነገር ነው ሚባለው። ግን ጽሁፉ ዋናውን ነገር ዘሎታል፣ እሱን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም።

የጻፋችሁት ልክ ነው። ጌሙ የካቲት 2017 ዓ.ም ሲወጣ የውጪዎቹ ሪቪው ሰሪዎች በአማካይ ከ100 ወደ 80 ገደማ ሰጡት፣ አይጂኤን ከ10 ሰባት፣ ዩሮጌመር ከ5 ኮከብ 2 ብቻ፣ ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ ላይ ገዝተው የተጫወቱት ደሞ «ድብልቅ» ሚለው ላይ አስቀሩት። ሜኑው ያላለቀ ይመስላል፣ ሚፈለገው መረጃ ተደብቋል ተባለ፣ ሰሪው ፊራክሲስም ቅሬታውን ተቀብሎ በአፕዴት እያስተካከለ መጣ። እሺ። ሜኑ ግን ይስተካከላል። እኔን ያመመኝ ሌላ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ሲቪላይዜሽን ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ጌም ነው፣ አንድ ሕዝብ ትመርጣለህ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 4000 ዓመት ላይ አንዲት ከተማ ትቆረቁርና ተራ በተራ እየተጫወትክ እስከ ሮኬት ዘመን ድረስ ያንኑ ሕዝብ ይዘህ ትሄዳለህ፣ «አንዲት ተራ ብቻ ልጫወትና እተኛለሁ» እያልክ ሌሊቱ ሚነጋብህ ለዛ ነው፣ የጀመርካት ከተማ የት እንደምትደርስ ማየት ትፈልጋለህ። በ7 ግን ታሪኩን ለሦስት ቆረጡት፣ ጥንታዊው፣ የአሰሳው እና ዘመናዊው ብለው፣ ጌሙ ሲወጣ አንዱ ዘመን ባለቀ ቁጥር ሕዝብህን ጥለህ ሌላ ሕዝብ ትሆን ነበር። መሪህ ያው ነው፣ ሕዝብህ ግን ይቀየራል።

ውጪ ያለ የአክስቴ ልጅ ገዝቶ ላከልኝና ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ቅዳሜ ማታ ጀመርነው፣ አክሱምን መረጥን፣ ሌላ ምን እንመርጣለን። እውነቱን ለመናገር አሰራሩ ልብ ይነካል፣ የአክሱም ሰዎች ብቻ ሚሰሩት ግንባታ አለ፣ ስሙንም ሐውልት ብለው ነው ያስገቡት፣ ወንድሜ አንዱን ሐውልት ባቆመ ቁጥር ካርታውን አቅርቦ ያየው ነበር። እንዲህ እያልን አምስት ሰዓት አለፈ። ከዛ ዘመኑ አለቀና ቀጣዩን ሕዝብ ምረጡ ሚለው ስክሪን መጣ። ወንድሜ ካርዶቹን አንድ በአንድ አየ፣ ወደ ታች ወረደ፣ እንደገና ወደ ላይ ወጣ፣ ከዛ ዞር ብሎ «ወንድም ጋሼ፣ ኢትዮጵያ የታለች?» አለኝ።

የለችም። ጌሙ ሲወጣ አክሱም ጥንታዊው ዘመን ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ከሱ በኋላ ዛጉዌ የለ፣ ሸዋ የለ፣ ጎንደር የለ። በአሰሳው ዘመን ከሰሃራ በታች ያለ አፍሪካዊ ሶንጋይ ብቻ ነው፣ በዘመናዊው ደሞ ቡጋንዳ ብቻ። ሶንጋይ ኒጀር ወንዝ ዳር የነበረ ታላቅ መንግሥት ነው፣ ቡጋንዳም በዛሬዋ ኡጋንዳ ታላቅ መንግሥት ነው፣ ሁለቱም ጌም ውስጥ በመግባታቸው ደስ ይለኛል፣ ግን ከአክሱም እስከ ሶንጋይ ዋና ከተማ ጋኦ ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነሐሴ 2016 ዓ.ም ላይ ጌሙን መጀመሪያ ሲያሳዩት ግብጽ ወደ ሶንጋይ ከዛ ወደ ቡጋንዳ ስትቀየር ነበር ያሳዩት፣ ያኔም የውጪ ተጫዋቾች ይሄ ምን ሚሉት ታሪክ ነው ብለው ጮኸው ነበር፣ እና ልክ ነበሩ። የነሱ ጩኸት ግን ስለ ጨዋታው ጣዕም ነው፣ የኔ ወንድም ጥያቄ ደሞ ስለ አያቶቹ ነው። የናንተ ጽሁፍ የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን አላነሳም።

ሰሪዎቹ ለዚህ ሲመልሱ ታሪክ በንብርብር ነው ሚገነባው ይላሉ። እኔ በሀሳቡ እስማማለሁ! ንብርብር ማየት ሚፈልግ ግን ጎንደር ይምጣ። የፋሲል ግቢ ውስጥ ገብተህ ብትቆም ፋሲለደስ የሰራው ትልቁ ግንብ አለ፣ ከሱ አለፍ ሲል የልጁ የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ ቀጥሎ የልጅ ልጁ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ (የመሬት መንቀጥቀጥም የጦርነት ቦምብም ያገኘው፣ ጣራው ሄዶ ግድግዳው የቀረው)፣ የዳዊት አዳራሽ፣ የበካፋ፣ የእቴጌ ምንትዋብ። እያንዳንዱ የቀደመውን ግንብ ሳያፈርስ ከጎኑ የራሱን ጨመረ፣ እኔ ልጅ ሆኜ በትምህርት ቤት ጉብኝት ስንሄድ አስጎብኚው የነገሩን ይሄንን ነበር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትራመድ ከአባት ወደ ልጅ ነው ምትሄደው። ንብርብር ማለት ለኔ ይሄ ነው። በጌሙ ግን ከታች ያለው ንብርብር የኛ ሆኖ ከላይ ያለው የሌላ ሰው ነው።

ደሞ ማይቻል ነገር አይደለም የጠየቅነው፣ ከዚህ በፊት ራሳቸው በደንብ ሰርተውታል። ሲቪላይዜሽን 5 ላይ በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ስትገባ መሪዋ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፣ ልዩ ችሎታዋ ደሞ የአድዋ መንፈስ ይባላል፣ ካንተ በላይ ከተማ ካለው ሀገር ጋር ስትዋጋ ወታደርህ 20 በመቶ ይበረታል። ይሄን ያሰበው ሰው አድዋን ገብቶታል እላለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩን በቁጥር ነው የተረጎመው፣ ትንሽ ሆነህ ትልቁን ስትገጥም። በ6 ደሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ምኒልክ መጡ፣ ኮረብታ ላይ የቆረቆርካቸው ከተሞች ከሚያስገኙት የእምነት ነጥብ 15 በመቶውን ያህል የሳይንስና የባህል ነጥብ ይጨምራሉ፣ ወታደሩም ኮረብታ ላይ ሲዋጋ ይጠነክራል፣ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሉ፣ ዙሪያቸውን ተራራና ኮረብታ ሲኖር እምነት ይጨምራሉ። እኛ ተራራ ላይ ነው ምንኖረው፣ ይሄን ስትጫወት ሀገርህን ታውቀዋለህ።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በሚባለው ሌላ ጌም ላይ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የአፍሪካ ማስፋፊያ (ተጨማሪ ክፍል) ደሞ ኢትዮጵያውያን ወታደሮችና ገበሬዎች በአማርኛ ነው ሚመልሱልህ። መጀመሪያ የሰማሁበትን ቀን አልረሳውም፣ አራዳ አካባቢ የነበረ ጌም ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ኮምፒዩተር ነበረች፣ አንዱ ልጅ ስፒከሩን ከፍ ሲያደርገው ኳስ ሲጫወቱ የነበሩት ሁሉ ጆይስቲካቸውን አስቀምጠው መጥተው ከበቡት፣ ገበሬውን ደጋግሞ እንዲጫነው ያስገድዱት ነበር። ድንቅ ሕንጻ ተብሎ ሚሰራው ደሞ የፋሲል ግንብ ነው፣ ከጌም ቤቱ ስትወጣ ምታየው ግንብ! አንዳንድ ተጫዋች የፋሲል ግንብ የ1600ዎቹ ስለሆነ ለመካከለኛው ዘመን ጌም ዘግይቷል ይላል፣ በቁጥሩ ልክ ነው፣ እኔ ግን ግንቡ ከጌሙ ይውጣ አልልም።

እዛው ጌም ላይ የኢትዮጵያ ዘመቻ ባለታሪኳ ዮዲት ናት። የውጪ ሰው ተሰዳ ወጥታ ተመልሳ ዙፋን የያዘች ጀግና ሴት አድርጎ ይጫወታታል። እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ግን ስሟን በጥሩ አንስታው አታውቅም፣ ቤተ ክርስቲያን አቃጠለች ሐውልት ጣለች ብላ ነው የነገረችኝ። ያንን ታሪክ ይዤ ዮዲትን ራሴ እየመራሁ አክሱም ላይ ስዘምት እጄ ከብዶኛል፣ ከብዶኝም እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት ምክንያቱም ከሷ በኩል አይቼው አላውቅም ነበር። ይሄን ስሜት የትኛው የውጪ ሪቪው ላይ ታገኙታላችሁ? እነሱ ዮዲትን ከዛ በፊት ሰምተዋት አያውቁም።

ዋናው ነጥቤ እዚህ ጋ ነው። ስቲም ላይ አስተያየት መስጠት ሚችለው ጌሙ አካውንቱ ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። እኛ ጋ ብዙው ልጅ በዶላር ሚከፍልበት ካርድ የለውም፣ ጌሙ ከሰው ሰው በሃርድ ዲስክ እየተገለበጠ ነው ሚዞረው፣ ይሄ ጥሩ ነው አላልኩም ግን እውነቱ ነው። ስለዚህ «ድብልቅ» ሚለው ውስጥ የኢትዮጵያ ሰው ድምጽ የለም ማለት ይቻላል። እናንተ ደሞ ያንኑ ቁጥር ወደ አማርኛ መልሳችሁ ስታትሙት፣ በራሳችን ጋዜጣ ላይም እኛ የለንም።

የተጫዋች ድምጽ ሰሚ ያገኛል እኮ፣ ጩኸቱ ሲበዛ ፊራክሲስ አንድን ሕዝብ ይዞ ሦስቱንም ዘመን መጫወት ሚቻልበትን መንገድ እየሰራ እንደሆነ በ2025 እ.ኤ.አ. ተናግሮ ነበር። አክሱምን ሲቀጥሉት ግን አክሱም ከሚለው ስም ጋር ላሊበላና ጎንደርም ይምጡ፣ ይሄን ሊላቸው ሚችለው ከዚህ ሆኖ የተጫወተ ሰው ነው።

ስለዚህ ልመናዬ፣ በወር አንዴ ግማሽ ገጽ ስጡን። በትርጉም ሳይሆን ተጫውተን ምንጽፈው፣ ጥሩውን ጥሩ መጥፎውን መጥፎ ምንልበት። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ያለ ክፍያ እንጽፋለን፣ የመጀመሪያውን የዮዲትን ዘመቻ ጀምሬዋለሁ፣ ከፈቀዳችሁ በሁለት ሳምንት ይደርሳችኋል።

አክባሪያችሁ፣
ከጎንደር