ፕሮጀክተሩ ከመገዛቱ በፊት ክፍሉ ይለካ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

አንድ የዩኒቨርሲቲ ኪነ ጥበብ ማዕከል ሲመረቅ የሚዘገበው ነገር ከሞላ ጎደል ይታወቃል፦ ስንት ፕሮጀክተር እንደገባ፣ ስክሪኑ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ስንት የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር እንደተገዛ። ይህን መዘገብ ጥፋት የለውም። ነገር ግን ማዕከሉ ከሁለት ዓመት በኋላ ይሠራ እንደሆነ የሚያሳውቀው መረጃ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። እኛ ሥራዎችን የምንሰቅል፣ ገመድ የምንዘረጋና መብራት የምናስተካክል የኤግዚቢሽን ባለሙያዎች ነን። ዘጋቢዎቻችሁ በሚቀጥለው ምረቃ ላይ ሌሎች ጥያቄዎችን ይዘው እንዲገቡ በማሰብ ይህን ጽፈናል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በብርሃን በኩል ስለሆነ ከዚያ እንጀምር። የግዢው ሰነድ “5,000 ሉመን” ይላል። ሉመን ከመሣሪያው የሚወጣውን ብርሃን ይገልጻል፤ ተመልካቹ የሚያየው ግን ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ነው። ምስሉ 4 ሜትር ስፋትና 2.25 ሜትር ቁመት ካለው 9 ካሬ ሜትር ይሆናል። 5,000ን ለ9 ብናካፍለው ግድግዳው ላይ 555 ሉክስ ገደማ ያርፋል፤ ሉክስ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የሉመን ብዛት ነው። በዚያው ግድግዳ ላይ ከመስኮትና ከጣሪያ መብራት 300 ሉክስ ይወድቃል እንበል። የምስሉ ነጭ 855 ሉክስ ሲሆን ጥቁሩ 300 ላይ ይቀራል፤ ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም መርጨት ስለማይችል የምስሉ ጥቁር ማለት ግድግዳው ራሱ ነው። በነጭና በጥቁሩ መካከል ያለው ልዩነት 3 ለ1 እንኳ አይሞላም። በሙያው የሚሠራበት መስፈርት ደግሞ ለተራ ገለጻ 15 ለ1፣ ለፊልምና ለቪዲዮ ሥራ 80 ለ1 ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የተለመደው መፍትሔ እጥፍ ጉልበት ያለው ፕሮጀክተር መግዛት ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። በ10,000 ሉመን፣ ክፍሉ እንደነበረ ሆኖ፣ ውጤቱ 4.7 ለ1 ነው። በነባሩ ፕሮጀክተር መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ዘግቶ የውጭውን ብርሃን ወደ 30 ሉክስ ማውረድ ግን 19.5 ለ1 ያስገኛል። 80 ለ1 ለመድረስ ከ7 ሉክስ የማይበልጥ ጨለማ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ብርሃን የማያስገባ ባለሁለት መጋረጃ መግቢያና ጥቁር ግራጫ የተቀባ ጣሪያ ያሻል። ጣሪያው ነጭ ከሆነ የምስሉ ብርሃን ራሱ ነጥሮ ተመልሶ ጥቁሩን ያጥበዋል። መጋረጃና ቀለም በምረቃ ሪባን አይታሰሩም፤ ሥራውን የሚያድኑት ግን እነሱ ናቸው።

ርቀቱም አስቀድሞ መለካት አለበት። ከሌንሱ እስከ ግድግዳው ያለው 6 ሜትር፣ የምስሉ ስፋት 4 ሜትር ከሆነ የሚያስፈልገው ሌንስ 1.5 ሬሾ (ርቀቱ ለምስሉ ስፋት ሲካፈል) ያለው ነው። ልኬቱ ከሌንሱ ጫፍ ይጀምራል፤ ከኋላው ግድግዳ ጀምሮ የለካ ሰው ለገመድና ለአየር መውጫ የሚሆነውን ቦታ ስለሚረሳ ምስሉ ካሰበው በታች ያንሳል። ፕሮጀክተሩ ተጣሞ ተሰቅሎ ምስሉን በሜኑ ማቃናትም አይመከርም። መሣሪያው ምስሉን በውስጡ አጥብቦ ስለሚያቃናው ፒክስሉ ይባክናል፣ የፊደሎች ጠርዝም ይደበዝዛል። ሌንሱን ወደ ላይና ወደ ታች ማንሸራተት የሚያስችል ፕሮጀክተር መምረጥ ይሻላል።

በዚያው ጋለሪ የወረቀት ሥራ፣ የውሃ ቀለም ወይም ጨርቅ ካለ ጥያቄው ይገለበጣል። ለእነዚህ ሥራዎች ብርሃን ጉዳት ነው፤ ጉዳቱም ይጠራቀማል። የተለመደው ወሰን 50 ሉክስ ሲሆን በጣም ለሚነኩ ቀለሞች በዓመት ከ15,000 ሉክስ-ሰዓት (ሉክሱ በሰዓቱ ብዛት ሲባዛ) እንዳይበልጥ ይመከራል። በቀን 8 ሰዓት በ50 ሉክስ ቢታዩ ድርሻቸው በ37 ቀን ያልቃል። ኤግዚቢሽኑ ሙሉ ሴሚስተር የሚቆይ ከሆነ ሥራው በመሃል በሌላ መተካት አለበት፤ መጽሐፍ ከሆነም ገጹ ይገለጣል። ሉክስ መለኪያ እንደ መዳፍ ያለች ትንሽ መሣሪያ ናት። እሷ የሌለችበት ማዕከል መብራቱን የሚያስተካክለው በግምት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ገመዱ አለ። ማታ ደህና የነበረ ቪዲዮ ጠዋት ጥቁር ስክሪን ሆኖ የሚገኝበት ዋና ምክንያት የማብሪያው ቅደም ተከተል ነው። ማጫወቻው ሲነሳ ስክሪኑ ምን ዓይነት ምስል መቀበል እንደሚችል ይጠይቃል፤ ስክሪኑም ኤዲድ በሚባል አጭር መረጃ ይመልሳል። ፕሮጀክተሩ ገና ካልነቃ መልስ የለም፤ ማጫወቻው ወይ ምንም አይልክም፣ ወይ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ምስል ይልካል። ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮጀክተሩ ይበራል፣ ከደቂቃ በኋላ ማጫወቻው ይከተላል። ኃይል በየጊዜው በሚቋረጥበት ሕንፃ ውስጥ ይህን ቅደም ተከተል ሰው ሊጠብቀው ስለማይችል በመሃል የስክሪኑን መልስ ይዞ የሚቆይ ትንሽ መሣሪያ ይገጠማል። ማጫወቻው ራሱም ኃይል ሲመለስ ማንም ሳይነካው ቪዲዮውን ከመጀመሪያው እንዲጀምር ሆኖ መዘጋጀት አለበት፤ የሶፍትዌር ማሻሻያው ካልተዘጋ በኤግዚቢሽኑ መሃል የማሻሻያ መልእክት ግድግዳውን ይሞላል።

ተራው የመዳብ ኤችዲኤምአይ ገመድ 4ኬ የሚባለውን በጣም ጥርት ያለ ምስል በሰከንድ በ60 ፍሬም ሲያደርስ ከ5 ሜትር ብዙ ካለፈ አይታመንም። ምስሉ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ደግ ነበር፤ የሚሆነው ግን በየጊዜው ለአንድ ሰከንድ ብልጭ ብሎ መጥፋት ነው፤ ሰዎችም ጥፋቱን ፕሮጀክተሩ ላይ ያደርጋሉ። ለረጅም ርቀት የፋይበር ገመድ ወይም ምስሉን ካት 6 በሚባለው የኔትወርክ ገመድ የሚያስተላልፍ ኤችዲ ቤዝቲ የተባለ ሥርዓት ይመረጣል። ከፋይበር ገመዶች አብዛኞቹ አቅጣጫ አላቸው፤ አንዱ ጫፍ የማጫወቻ፣ ሌላው የስክሪን ነው። በግድግዳው ቱቦ ውስጥ ተገልብጦ የተሳበ ገመድ ምንም ምስል አያሳልፍም፤ መፍትሔውም ሙሉውን ስቦ አውጥቶ እንደገና ማስገባት ብቻ ነው። ከመሳቡ በፊት ወለል ላይ ዘርግቶ በሁለቱ መሣሪያዎች መሞከር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በቱቦው ውስጥ አንድ ባዶ መሳቢያ ሲባጎ ትቶ መውጣትም ለሚቀጥለው ሠራተኛ ትልቅ ውለታ ነው።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ በ220 ቮልት ባለ 16 አምፔር መስመር 3,520 ዋት ይሸከማል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ጭነት ከ80 በመቶው፣ ማለትም ከ2,800 ዋት ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል። የድምፅ መሣሪያዎች ሁሉ ከአንድ መስመር ቢነሱ ጥሩ ነው። ማጫወቻው ከአንድ ሶኬት፣ ስፒከሩ ከሌላ ሲነሳ በሁለቱ ሶኬቶች የመሬት ሽቦዎች (ኧርዝ) መካከል ትንሽ ኃይል ይዞራል፤ ከስፒከሩም የማያቋርጥ “እምምም” የሚል ድምፅ ይወጣል። ይህን ለማስቀረት የመሬቱን ሽቦ የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ያ ሽቦ የተቀመጠው ተመልካቹ ብረቱን ሲነካ እንዳይሞት ነው። በማጫወቻውና በስፒከሩ መካከል የድምፅ መለያ ትራንስፎርመር መግጠም በቂ ነው።

ድምፅ ግድግዳ ያልፋል፤ ሦስት የቪዲዮ ሥራ ጎን ለጎን ከቀረበ ተመልካቹ አንዱንም አይሰማም። በአሜሪካ ትሮይ ከተማ የሚገኘው ሬንሰሊር ፖሊቴክኒክ ተቋም በ2008 እ.ኤ.አ. የከፈተው የኪነ ጥበብ ማዕከል የሚደነቀው ለዚህ ጉዳይ ከግንባታው ስለተጨነቀ ነው፤ አዳራሾቹና ስቱዲዮዎቹ ድምፅ እንዳይወራረሱ ተነጣጥለው ተሠርተዋል። እንዲህ መገንባት ያልቻለ ማዕከል ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ ያስገባል፣ ስፒከሩን ከተመልካቹ ጆሮ አቅራቢያ አድርጎ ድምፁን ይቀንሳል፣ ወይም የጆሮ ማዳመጫ ያቀርባል። ንግግር ያለበት ቪዲዮ ሁሉ የግርጌ ጽሑፍ ይኑረው።

ግድግዳው ጂፕሰም ቦርድ ብቻ ከሆነ ከባድ ሥራ አይሸከምም። ከጀርባው 18 ሚሊሜትር ኮምፐንሳቶ ከተገጠመ ግን ቪቴው የትም ቢገባ ይይዛል፤ ፊሸር ፍለጋም ይቀራል። የሥራዎቹ መሃል ከወለል 150 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይውላል። ቁመቱ 80 ሴንቲሜትር ለሆነ ፍሬም፣ የጀርባው ሽቦ ሲወጠር ከላይኛው ጫፍ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ሚስማሩ የሚመታው 150 ሲደመር 40 ሲቀነስ 10፣ ማለትም 180 ሴንቲሜትር ላይ ነው። ሽቦው ሳይወጠር የለካ ሰው ከሰቀለ በኋላ ፍሬሙ ወርዶ ያገኘዋል።

ስለ ወርክሾፑ አንድ ነገር ብቻ እንበል፤ ጤናን ስለሚነካ። ሌዘር መቁረጫ ባለበት ክፍል በር ላይ “ፒቪሲ አይቆረጥም” የሚል ጽሑፍ በትልቁ ይለጠፍ። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፣ የማሽኑን ብረትና መስታወትም ይበላል። ተማሪው ይዞት የሚመጣው ፕላስቲክ ምን እንደሆነ ካልታወቀ አይቆረጥም።

የቴክኖሎጂ ሥራ ያረጃል፤ ማዕከሉ ይህን ገና ሥራውን ሲቀበል ማሰብ አለበት። ትውልደ ኮሪያዊው የቪዲዮ ሠዓሊ ናም ጁን ፓይክ በ1988 እ.ኤ.አ. ለደቡብ ኮሪያ ብሔራዊ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም 1,003 ቴሌቪዥኖችን ደራርቦ ግንብ ሠርቶ ነበር። የቴሌቪዥኖቹ የምስል ቱቦዎች ስላረጁና አደጋ ስለተፈራ በ2018 እ.ኤ.አ. እንዲጠፋ ተደረገ። ከዓመታት ጥገና በኋላ በ2022 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲበራ 737ቱ የድሮውን ዓይነት ቱቦ እንደያዙ ቆይተዋል፤ በላይኛው ክፍል ያሉት 266 ግን በጠፍጣፋ ስክሪን ተተክተዋል። ትልቅ ሙዚየም ይህን ያህል ከደከመ ዩኒቨርሲቲ ከወዲሁ ሠዓሊውን ቢጠይቅ ይቀለዋል፦ ስክሪኑ ሲበላሽ በሌላ ዓይነት ይተካ? የምስሉ መጠን ሊቀየር ይችላል? የድምፁ ከፍታ ምን ያህል ይሁን? መልሱ በጽሑፍ፣ ከተከላው ፎቶና ከገመዱ ንድፍ ጋር ይቀመጥ። ፋይሉ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ ይሁን፤ በዓመት አንድ ጊዜም እየተከፈተ ይታይ።

እንግዲህ ዘጋቢዎቻችሁ ማዕከል ሲጎበኙ ከአዳራሹ ቀጥሎ መጋዘኑ እንዲከፈትላቸው ይጠይቁ። እያንዳንዱ ሻንጣ የውስጡ ፎቶ ተለጥፎበታል? ተማሪ ካሜራ ሲመልስ ባትሪው፣ ቻርጀሩና የሌንስ ክዳኑ ተቆጥሮ የሚፈረምበት መዝገብ አለ? የአየሩ እርጥበት ይለካል? ከ65 በመቶ በላይ ለረጅም ጊዜ የቆየ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላልና። ከዚያም የብልሽት መዝገቡን ይጠይቁ፤ የተሞላበት ቀን፣ የተበላሸው ዕቃ፣ ማን እንደጠገነው። በመጨረሻም ከሁሉ በላይ የምንለምነው ጥያቄ አለ፦ በዓመታዊ በጀቱ ላይ ለቋሚ ቴክኒሻን ደመወዝና ለመለዋወጫ የተለየ መደብ አለ ወይ? ካለ ስንት ሰው ነው፣ ቅዳሜና እሑድስ ኤግዚቢሽኑ ክፍት ሲሆን ማን ነው ስልኩን የሚያነሳው?

ከአክብሮት ጋር፣
የኤግዚቢሽን ቴክኒክ ባለሙያዎች