ቀድመው ለሚሄዱ ልጆች የቅዳሜ ክፍል እንክፈት

ውድ ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎችና የሰፈራችን ሰዎች፤

በትምህርት ቤታችን ከእኩዮቻቸው ቀድመው የሚሄዱ ልጆች አሉ። ሦስተኛ ክፍል ሆነው የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ይሠራሉ። የታላቅ እህታቸውን የሳይንስ መጽሐፍ አንብበው ይጨርሳሉ። መምህሯ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፋ ሳትጨርስ መልሱን ይዘው ይጠብቋታል። ለእነዚህ ልጆች ከመስከረም ጀምሮ የቅዳሜ ጠዋት ክፍል ልንከፍት ነው። እርዳታችሁን እንፈልጋለን።

መጀመሪያ ብዙዎቻችሁ የምታነሱትን ጥያቄ እናንሳው። «ማንበብ ያቃታቸው ልጆች እያሉ ለጎበዞቹ ገንዘብ ይዋጣል እንዴ?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባም ብዙ ተከራክረንበታል። ማንበብ ላቃታቸው የማጠናከሪያ ትምህርት አለ፣ አንድ ቀንም አይቋረጥም። ግን «ጎበዝ ልጅ ራሱ ይወጣዋል» የሚለውን አንቀበልም። አቅም ያለው ወላጅ አስጠኚ ይቀጥራል፣ ታብሌት ይገዛል፣ ካስፈለገም ትምህርት ቤት ይቀይራል። ጉልት ቸርችራ የምታሳድግ እናት ልጅ ግን ያለው ይህ ግቢ ብቻ ነው። እዚህ ካላገኘ የትም አያገኝም።

ክፍሎቻችንን ታውቋቸዋላችሁ፤ ጢም ያሉ ናቸው። መምህሩ መሃል ላይ ላሉት ልጆች ያስተምራል፤ ሌላ ምን ያድርግ? ቶሎ የጨረሰው ልጅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሲሰለቸው ጎረቤቱን ይነካካል፣ ያወራል። ከዚያ ረባሽ ይባልና በር ላይ ይንበረከካል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ረባሽም አትባልም። ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ ማንም ሳያያት ዓመቱ ያልቃል። እንዲህ ሁለት ሦስት ዓመት ከሄደ ልጁ መጠየቅ ይተዋል። በፈተና አልወደቀም፣ ስለዚህ ማንም አይደነግጥም። እኛን የሚያንገበግበን ይሄ ነው።

በአገራችን ለጎበዝ ተማሪዎች ምንም አልተሠራም አንልም። መቐለ ላይ ቃላሚኖ የተባለው ልዩ ትምህርት ቤት አለ። አዳማ ላይ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። ሥራቸውን እናከብራለን። ግን እነዚህ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ናቸው። በ2ኛና በ3ኛ ክፍል የተሰላቸ ልጅ እዚያ በር ላይ ላይደርስ ይችላል።

የቀደመው ትምህርታችን በዚህ በኩል ይሻል ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የለየ ልጅ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ እያለ እስከ ዳዊት ይሻገራል። ጓደኛው እስኪደርስ አይጠብቅም። ቀድሞ የደረሰውም ታናናሾቹን ያስቀጽላል። ቁርአን ቤትም ልጁ በራሱ እርምጃ ነው የሚቀራው። በዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን ደብል እየመቱ፣ በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል እየተሻገሩ ያለፉ ታላላቆች በየቤታችሁ አይጠፉም፤ ጠይቋቸው።

አሁን ወደ አመራረጡ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡትን ብቻ አንወስድም። ሉዊስ ተርማን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1921 በካሊፎርኒያ ልዩ ችሎታ ያላቸውን ልጆች በፈተና መርጦ መከታተል ጀምሮ ነበር። ፈተናውን ወስደው ውጤታቸው አልበቃም ከተባሉት መካከል ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙበታል። ሁለቱም በኋላ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ አንድ የትምህርት ወረዳ በመምህርና በወላጅ ጥቆማ መምረጡን ትቶ የ2ኛ ክፍል ልጆችን በሙሉ ሲፈትን፣ ቀድሞ ያልታዩ ብዙ የድሃ ቤተሰብ ልጆች ተገኝተዋል። እኛም ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉትን ሁሉንም እናያለን። የቅርጽና የሥዕል እንቆቅልሽ እንሰጣቸዋለን፤ ከገጠር በቅርቡ የመጣ፣ አማርኛው ገና ያልተፍታታ ልጅ በቋንቋ ምክንያት እንዳይቀር። ጥያቄ የሚያበዛውንም ረባሹንም መምህራን በስም ይነግሩናል።

ቅዳሜ ምን ይሠራሉ? ያነባሉ፣ ቼዝና ገበጣ ይጫወታሉ፣ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ ይዘው ይታገላሉ፣ ያበቀሉትን ባቄላ በየሳምንቱ እየለኩ ይመዘግባሉ። ባለሙያዎችም እንጋብዛለን። ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ ክሩን እንዴት እንደሚቆጥር ያየ ልጅ ሒሳብን በሌላ ዓይን ያየዋል። በሰፈራችን አናጺ፣ ነርስ፣ መካኒክ፣ መሐንዲስ ሞልቷል። አንድ ቅዳሜ ስጡን።

የገንዘቡን ነገር በግልጽ እንነጋገር። ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምገባ በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የከተማ አስተዳደሩ ያቀርባል፤ ለእሱ አንጠይቃችሁም። ቅዳሜ ግን ምገባ የለም። ልጅ በባዶ ሆዱ አያስብምና ሻይና ዳቦ ያስፈልጋል። ለሚያስተምሩት መምህራን ቢያንስ የትራንስፖርት አበል መክፈል አለብን፤ ኑሮውን ታውቁታላችሁ። ከዚያ መጻሕፍት፣ ቼዝ፣ አጉሊ መነጽር፣ የወረቀትና የኅትመት ወጪ አለ። ዕቃውና መጽሐፉ በቤተ መጻሕፍቱ ስለሚቀመጥ በሳምንቱ ቀናት ሁሉም ተማሪ ይጠቀምበታል።

በወር 200 ብር የሚያዋጣ ሰው ትልቅ ነገር አደረገ። 50 ብርም እንቀበላለን፣ በደረሰኝ። ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ስትመጡ በሻንጣችሁ ጥቂት የልጆች መጽሐፍ ጣል አድርጉልን። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ያገለገለ መጽሐፍ በርካሽ ታገኛላችሁ። ልጆቻችሁ አንብበው የጨረሱትን ማምጣትም ይቻላል።

የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀሳል፤ ከወላጅ፣ ከመምህራንና ከአስተዳደሩ። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በግቢው ሰሌዳ ይለጠፋል። የሒሳብ ቁጥሩን ከጽሕፈት ቤቱ ውሰዱ። መጽሐፍ ለማስረከብ ወይም በበጎ ፈቃድ ለማስተማር የምትፈልጉ፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ታገኙናላችሁ።